ኢምቤኩ የተባለ መንደር

ጎባ፥ ጥቅምት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለሌንሳ ነገሪ፥ ጎንደር

አሰላሙ አለይኪ። አንቺ «ጤና ይስጥልኝ» ብለሽ ጀምረሻል፤ እኔ ደግሞ በለመድኩት ልጀምር። እንደምን ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፥ ከጆሮዬና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ቁጥርሽን ማስፈርሽ ደግ ነው፤ ግን በስልክ አልሰማም። ሰው ጮኾ ሲያናግረኝ ደግሞ የተጣላን ይመስለኛል። ስለዚህ በደብዳቤ እንቀጥል። መልስሽን በዚሁ በሰቢሪና ሱቅ የፖስታ ሣጥን ላኪው። ሰቢሪና ጎረቤቴ ናት፤ የመጣልኝን ደብዳቤ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር አንድ ላይ አድርጋ ታቆይልኛለች።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። አዎ፥ የለሚ ወንድም ሙህዲን እኔ ነኝ። አያትሽ ለሚ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሁለታችንም የአንዲት እናት፥ የጤቤ፥ ልጆች ነን። አባትሽ ነገሪ ማረፉን የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። አላህ ይዘንለት። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ቢሆንም የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

እኔና አያትሽ ለምን እንደተቆራረጥን የጠየቅሽውን ግን ዛሬ አልመልስም። ወረቀት አልቆብኝ አይደለም።

ሦስተኛው የአባቴ ጉዳይ ነው። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ጅሩ ባዳሳ የዲንሾ ሰው ነው። በ1930 መስከረም ጎባ ወርዶ ለጣሊያን ወታደርነት ተመዘገበ። ተገዶ ነው የሚል አለ፤ ፈልጎ ነው የሚል አለ። እኔ ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልተመለሰም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ባንዳ ሆኖ ሄዶ ባንዳ ሆኖ መሞቱን ነው። የባንዳ ልጅ እየተባልኩ አደግሁ። ሥራ ስቀጠር የአባት ስም በሚለው ላይ የአያቴን ስም አስገባሁና ሙህዲን ባዳሳ ሆንኩ። እኔን ለማግኘት የተቸገርሽው ለዚህ ነው። አያትሽ ግን ጅሩን አልጣለም።

አሁን ያንን ሰው በኢንተርኔት እፈልገዋለሁ ትያለሽ። ባታገኚው ደስ ይለኛል። ሆኖም ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር አላስችለኝ አለ። ያ የጣሊያን ወታደሮች መዝገብ ስንት ዓምድ አለው? ምን ምን ይጠይቃል? ጽሑፉ የአንድ እጅ ነው የብዙ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ሙህዲን ባዳሳ

* * *

ጎንደር፥ ኅዳር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሙህዲን

አከም ጅርቱ? ይህችን ከመጽሐፍ ላይ ነው የቀዳኋት፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ። ስሜ ሌንሳ ሆኖ ኦሮምኛ አለማወቄ እዚህም ያሳፍረኛል። አባቴ ጎንደር ተወልዶ ጎንደር አደገ፤ እኔም እንዲሁ።

መዝገቡ አሥራ ሁለት ዓምድ አለው። ከጎባው ክፍል ያየኋቸው ገጾች በሙሉ የአንድ እጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ቀጭን፥ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፥ መጨረሻው ላይ ጅራት ያለው። እያንዳንዱ ገጽ በፎቶ ተነሥቶ ነው ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠው። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ኮምፒዩተሩን ማንም አይቀማኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጅሩ» እያልኩ ብፈልግ ባዶ ሆነብኝ። በኋላ ጣሊያንኛ የምታነብ የታሪክ መምህርት ጓደኛዬ ማናልበሽ መጥታ ሳቀችብኝ። እኔ እንግሊዞች «ጅ» በሚሉበት ፊደል ነበር የምፈልገው፤ ጣሊያኖቹ ለካ በሌላ ፊደል ነው የሚጽፉት። ፊደሉን ስቀይር አሥራ አንድ ጅሩ መጣልኝ። ጎባ ላይ በ1930 መስከረም የተመዘገበው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ገጹን አትሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ዕድሜ፦ ሃያ ስምንት ገደማ። መለያ፦ ከግራ ቅንድብ በላይ ጠባሳ። ከዚያ በኋላ ነው ግራ የገባኝ። የአባት ስም፦ ኢምቤኩ። የትውልድ መንደር፦ ኢምቤኩ። ሚስት፦ ኢምቤኩ። ልጆች፦ ኢምቤኩ።

የአባትዎ አባት ባዳሳ ነው ብለውኛል፤ ታዲያ ይህ ሌላ ሰው ይሆን? ወይስ ኢምቤኩ የጎሳ ስም ነው፥ መንደሩም በጎሳው ተጠርቶ? ማናልበሽ ይህን ነው የምትለው። የሳተላይት ካርታ ከፍቼ ከዲንሾ እስከ ዶሎ መና ያለውን መንደር አንድ በአንድ አየሁ። ኢምቤኩ የለም። ምናልባት ስሙ ተቀይሮ ይሆናል። እባክዎ፥ ኢምቤኩ የት ነው?

አክባሪዎ ሌንሳ

* * *

ጎባ፥ ኅዳር 19 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሌንሳ፥

አሰላሙ አለይኪ። አከም ጅርቱን በደንብ ጽፈሻታል። «አቶ ሙህዲን» ማለቱን ግን ተይ። የወንድሜ የልጅ ልጅ ነሽ፤ አካኮ በይኝ፤ እኛ ጋ አያትን እንደዚያ ነው የምንጠራው።

ጠባሳው የሱ ነው። በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው ነው ትል ነበር እናቴ። ስለዚህ ሌላ ሰው አይደለም።

አሁን ወደ መንደርሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ሰቢሪና ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። በሳተላይት ካርታ ኢምቤኩን ፈለግሁ የምትይበት ቦታ ስደርስ ሳቅ አፈነኝ። ሰቢሪና ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣች። ስነግራት እሷም ሳቀች፤ ዘይት ልትገዛ የመጣችውም ሴት ሳቀች። ልጄ፥ «ሂን ቤኩ» ማለት በኦሮምኛ «አላውቅም» ማለት ነው። ፈጠን ብለሽ ስትናገሪው ኢምቤኩ ይመስላል። ጸሐፊው አባትህ ማነው አለው፤ አላውቅም አለ። መንደርህስ? አላውቅም። ሰውዬውም ያንኑ በሚያምር እጅ ጽሑፉ እያሰማመረ ጻፈው። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ፥ ኦሮምኛ የማያውቅ መሆን አለበት። አልፈርድበትም። እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤትም አንድ አመልካች ስሙን ሲጠየቅ ሳል ይዞት «ቆይ» ቢል፥ አቶ ቆይ ተብሎ ፋይል የተከፈተበት ጊዜ ነበር። ሁለት ዓመት ስንፈልገው ኖረናል።

ፖስታውን ሳላሽግ ሁለት ቀን ቆየሁ። ሳቁ አልቋል።

የላክሽውን ገጽ ደግሜ አነበብኩት። ዓምድ በዓምድ፥ እንደ ሥራዬ። አላውቅም ያለው እኮ ስለ እኛ ነው። ሚስት አለህ? አላውቅም። ልጆችስ? አላውቅም። ለሚ ያኔ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ገበያ ሲወርድ በትከሻው ተሸክሞት ነበር የሚሄደው። እኔም ጥርስ አውጥቻለሁ። ጠመንጃና ደመወዝ ሲያይ እኛን ካደን። ስሙን በመጣሌ ስንት ዓመት ሙሉ ሲቆረቁረኝ ኖሬ፥ ለካ ቀድሞ የጣለኝ እሱ ነው።

ክፉ አልሆንብሽም፤ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን በቃ። ከዚህ በኋላ አትፈልጊ።

ሙህዲን ባዳሳ

* * *

ጎንደር፥ ታኅሣሥ 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአካኮ ሙህዲን

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ?

አንድ ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ተቀይሜ አይደለም። ጥፋት ስላለብኝ ነው። አትፈልጊ ብለውኝ ፈልጌያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢቆጡም የሚገባኝ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው ይቆጡ።

በገጹ የመጨረሻ ዓምድ ላይ በእርሳስ የተጻፈች ቁጥር ነበረች። መጀመሪያ የፎቶው እድፍ መስላኝ ነበር። የሌላ ፋይል ቁጥር መሆኗን የነገረችኝ ማናልበሽ ናት። ያንን ፋይል ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጀብን፤ የጦሩ የደብዳቤ ልውውጥ ነው። ማናልበሽ የተረጎመችልኝን፥ ቀኑንም ወደኛ አቆጣጠር መልሳ፥ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ። የመጀመሪያው ከጦር አዛዡ ነው።

«ወታደር ጅሩ ኢምቤኩ ከየካቲት 29 ቀን 1930 ጀምሮ ከነጠመንጃውና ከነስልሳ ጥይቱ ጠፍቷል። እንደተለመደው የትውልድ መንደሩ ተፈልጎ ቤተሰቡ ይያዝ፤ ከብቱ ይወረስ፤ ቤቱ ይቃጠል።»

ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎባ ከነበረው ሹም የተጻፈ መልስ ነው።

«ኢምቤኩ የተባለ መንደር በአውራጃው አልተገኘም። ሁለት ጊዜ ጭፍራ ተልኮ ነበር። ነዋሪዎቹ ኢምቤኩ የት ነው ተብለው ሲጠየቁ፥ ሽማግሌውም ሴቱም ኢምቤኩ እያሉ ይመልሳሉ። ስሙን ይጠሩታል እንጂ መንገዱን ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ የለም። መንደሩን እንደሚያውቁት ግን አያጠራጥርም።»

አካኮ፥ ይህን ስናነብ ከቤተ መጻሕፍቱ ሊያስወጡን ደርሰው ነበር፤ ሳቃችን ሕንጻውን ሞላው። ከዚያ ማናልበሽ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ወታደሮች ጠፍተዋል። ሁለቱም የዲንሾ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ የአባታቸውም የመንደራቸውም ስም በደንብ ተጽፏል። የአንዱ ቤት ተቃጠለ። የሌላው ሚስት ከነልጇ ጎባ ታሰረች። ከዚያ በኋላ ጅሩ የሚል ስም በመዝገቡ የለም። እስከ መጨረሻው ገጽ አይቻለሁ።

ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም። መዝገብ ማንበብ የእርስዎ ሥራ ነው። ገጾቹን ሁሉ ልኬያለሁ።

ስለ አያቴ የጠየቅሁዎትንም አልረሳሁትም።

የልጅ ልጅዎ ሌንሳ

* * *

ጎባ፥ ጥር 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፥ ልጄ ሌንሳ፥

አልተቆጣሁም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ መልስ ዘግይቶብሽ ተጨንቀሽ ይሆናል። መጻፍ አቅቶኝ ነው። ሰባት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሰቢሪና ወረቀት አልሸጥልዎትም ብላኛለች።

አንብቤዋለሁ። ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፥ እንደ ድሮዬ። መስከረም ተመዘገበ፤ የካቲት ጠፋ። ግን ለመጥፋት የወሰነው የካቲት አይደለም። መስከረም ነው፤ ጸሐፊው ፊት በቆመበት ቀን። ሊኖር የመጣ ወታደር፥ ቢሞት ደመወዙ እንዲደርሳቸው ሚስቱንና ልጆቹን ያስመዘግባል። አባቴ ግን አንዳችን እንኳ እዚያ ወረቀት ላይ እንዳንገባ አደረገ። እኛን የሚያገኙበት ክር እንዳይኖር። ካደን ብዬ የጻፍኩልሽን እባክሽ ቅደጂው።

የሚያንገበግበኝን ደግሞ ስሚ። እናቴ ስትነግረን፥ በዚያ ዓመት ከኛ በላይ የነበረው ቤት ተቃጠለ፤ ከወንዙ ማዶ የነበረችው ሴት ከነልጇ ተወሰደች። የኛ በር ላይ ግን ማንም አልደረሰም። ጎረቤቱ ምን አለ? «የጤቤ ቤት ለምን አልተነካም? ባሏ ታማኝ ባንዳ ቢሆን ነው» አለ። የባንዳነት ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። ቤታችን ስላልተቃጠለ! እናቴም እንደዚያው አስባ ሞተች። ኢምቤኩ የት ነው ተብለው አላውቅም ያሉት ሰዎች እኮ እነሱ ናቸው፤ የሚጠየቁት ስለማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ አተረፉን፤ መልሰው ደግሞ ሰደቡን። በማን ልፍረድ?

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄሽን እመልሳለሁ። ከአባቴ ነገር በኋላ ዝም ማለት አልችልም።

ባዳሳ ተብዬ ስቀጠር ለሚ ሰማና መጣ። «አባት ባንዳም ቢሆን አባት ነው» አለኝ። «አንተ ወታደር ነህ፥ አገር ለአገር ትዞራለህ፤ እኔ እዚሁ ነው የምኖረው» አልኩት። ተጣላን። በኋላ ጦሩ ወደ ጎንደር ላከው። በ1954 ግንቦት አንድ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ መጣ። የገባ ደብዳቤ የምቀበለው እኔው ነኝ። ፖስታው ላይ በጉልህ «ለአቶ ሙህዲን ጅሩ» ይላል። እጁን አወቅሁት፤ የለሚ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አየና «ጅሩ ማነው?» አለኝ።

ፖስታውን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ «በዚህ ስም የሚታወቅ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤታችን የለም» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም አድርጌ መለስኩት። ለሚ ከዚያ ወዲያ አልጻፈልኝም። እኔም አልጻፍኩለትም። መሞቱን የሰማሁት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ወንድሜን አላውቅህም አልኩት፥ ሌንሳ። አባቴ እንዲያ ያለው እኛን ለማትረፍ ነው። እኔ ያልኩት አፍሬ ነው።

ከእንግዲህ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም።

ሙህዲን

* * *

ጎንደር፥ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአካኮ ሙህዲን

ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ከመጀመሪያውም እኔ ጋ ነበር።

አባቴ ሲሞት ዕቃውን ሳስተካክል በአያቴ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። እርስዎ መኖርዎን ያወቅሁት ከዚያ ፖስታ ነው፤ ጎባ ድረስ የጻፍኩትም ማኅተሙን አይቼ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ከጀርባው የተጻፈው የእርስዎ እጅ ነው። እስኪነግሩኝ መጠበቅ ፈለግሁ። ባይነግሩኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ተናድጃለሁ፥ አካኮ። ይህን ባልል ውሸት ይሆንብኛል። አባቴ አንድ አጎት እንኳ የለኝም እያለ ነው የሞተው። እርስዎ ግን ሰቢሪና ሱቅ ቆመው እየሳቁ እዚያ ነበሩ። ሆኖም እውነቱን ነግረውኛል፤ ሊደብቁኝ ይችሉ ነበር።

ፖስታው አልተከፈተም። አያቴ እንደታሸገ ነው ያስቀመጠው፤ አባቴም ያንን ሣጥን ከፍቶ ያየ አይመስለኝም። እኔ ብርሃን ላይ አንሥቼ ለማየት ሞክሬያለሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆን ይህን ያመጣል። ምንም አይታይም።

ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። በሰቢሪና ሣጥን አይደለም፤ ከፖስታ ቤቱ መስኮት ራስዎ ፈርመው እንዲወስዱት ነው። በትክክለኛ ስምዎ ነው የላክሁት። ለአቶ ሙህዲን ጅሩ።

ሌንሳ

* * *

ጎባ፥ የካቲት 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለሌንሳ ነገሪ ለሚ ጅሩ

አሰላሙ አለይኪ። ይህን ያህል የዘገየሁት ለምን እንደሆነ ስትሰሚ ትስቂያለሽ። ሳቂ፤ ይገባኛል።

ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያ አለችኝ፤ ሰጠኋት። አየችው፤ ፖስታውን አየች፤ እኔን አየች። «አባባ፥ ይሄ እኮ የእርስዎ አይደለም። እዚህ ጋ ባዳሳ ነው የሚለው» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። «በዚህ ስም ካልሆነ አልችልም። በሃያ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ካልመጣ ለላኪው ይመለሳል» አለች። በትሕትና ነው ያለችው። ምን እላታለሁ? ልክ ናት። እኔም በሷ ቦታ ሆኜ አልሰጥም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ፈራሁ። ደብዳቤው ሁለተኛ ሊመለስ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በየቢሮው ስዞር ሰነበትኩ። የአባት ስም ላስተካክል ነው ስላቸው በሰባ ስድስት ዓመትዎ ምን ያደርግልዎታል ይሉኛል። ማስረጃ ሲሉ አንቺ የላክሽውን ገጽ አወጣሁ፤ እሱ ደግሞ አባት ኢምቤኩ፥ ልጆች ኢምቤኩ ይላል! ጸሐፊዋ አንብባ ስትስቅ የቢሮው ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። በመጨረሻ ምስክር አምጣ ተባልኩ። ሁለት አዛውንት ከዲንሾ አመጣሁ፤ አንዷ ረቢያ ናት፥ የእናቴ ጎረቤት ልጅ። የዚህ ሰው አባት ማነው ተብላ ስትጠየቅ «ጅሩ ነዋ፤ እሱን ያጣ ሰው አለ እንዴ?» አለች። አዲሱን መታወቂያ ይዤ ፖስታ ቤት የደረስኩት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው።

የለሚን ደብዳቤ ከፍቼዋለሁ። አንድ ገጽ ናት። ላንቺም ናትና እገለብጥልሻለሁ።

«ወንድሜ ሙህዲን፥ ለጤናህ እንደምን ነህ? የተባባልነውን እንተወው። እዚህ ጦራችን ውስጥ ዲማ የሚባል የሪራ ሰው አገኘሁ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ያለው፥ ጅሩ የሚባል ሰው በጣሊያን ጊዜ በዲማ አባት ቤት ተጠግቶ ሁለት ዓመት ኖሯል። ከጣሊያን ከድቶ የመጣ ነው። ሃረና ጫካ ቀፎ እየሰቀለ ነበር የሚኖረው። ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ዲንሾ አሉኝ፤ እዚያ ከታየሁ ቤታቸው ይቃጠላል ይል ነበር አለኝ። በ1932 ክረምት ውጋት ይዞት ሞተ። ሪራ ተቀብሯል። አባታችን ባንዳ አልነበረም፥ ሙህዲን። ዲማ መቃብሩን አሳያችኋለሁ ብሏል። እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ብቻዬን ግን አልሄድም። ናና አብረን እንሂድ። ወንድምህ ለሚ ጅሩ።»

አየሽ? አንቺ ጣሊያን አገር ድረስ የፈለግሽው መልስ በ1954 ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ማኅተም መትቼ መለስኩት። ሪራን ደግሞ የማላውቃት አይምሰልሽ። ለሥራ ወደ ዶሎ መና ስወርድ ስንቴ አልፌባታለሁ። ሁልጊዜ እዚያ ወርጄ ማር እገዛ ነበር። አባቴ ከተቀበረበት አጠገብ ቆሜ በማር ዋጋ ስከራከር ነበር። ይህን ሳስብ ለብቻዬ አለቅሳለሁ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ያምራል አያምርም አላውቅም፤ አለቅሳለሁ።

አያትሽ ይህ ደብዳቤ ከተመለሰለት በኋላ ሪራ ሄዶ ይሆን? ፈቃዱን ምን አደረገው? የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ፤ አልሄደም ብለሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ሰቢሪና ነገ መኪና ይዘን እንሂድ ትለኛለች። ቅርብ ነው፤ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። አልሄድም አልኳት። ለሚ ብቻዬን አልሄድም ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ሃምሳ አንድ ዓመት ጠብቆኛል፤ እኔ አሁን ብቻዬን ሄጄ እንዴት እሆናለሁ? ዲማ በሕይወት መኖሩን አስጠይቄያለሁ፤ እሱ የለም፥ ልጆቹ አሉ፤ ቦታውን ያውቁታል አሉኝ። ፈቃድ መቼ ነው የምትወስጂው? ወፍራም ካፖርት ያዢ፤ ሳነቴ ላይ ነፋሱ አይቻልም። ሮቤ አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባትመጪ እኔ ጎንደር እመጣለሁ፤ ጉልበቴ እንደሆነ ይሁን።

ለሚ ናና አብረን እንሂድ ብሎኝ ነበር። መልሱን የምጽፍለት ሰው ካንቺ በቀር የለኝምና ተቀበይልኝ። እሺ ወንድሜ፥ እንሂድ።

ሙህዲን ጅሩ